ፓፓያ የማይቆርጥ ክንፍ

ሉዊካ ጋ ሰሌዳ ለማስጠገን የሄደ ሰው ስለ ቀዳዳው ማውራት ሲጀምር አትሰማውም። "መጀመሪያ ገልብጠው" ትለዋለች። ሞገድ የሚጋለብበት ያ ረጅም ሰሌዳ ጠረጴዛዋ ላይ ይገለበጣል፤ ከጭራው ሥር እንደ ዓሣ ክንፍ የተተከሉት ሦስቱ ክንፎች ወደ ላይ ይቆማሉ። ከዚያ ከቅርጫቷ አንድ የበሰለ ፓፓያ ታነሳና በክንፉ ጠርዝ ላይ ቀስ አድርጋ ታንሸራትተዋለች። የፓፓያው ቆዳ ከተሰነጠቀ ነገሩ አበቃ። "ይሄ ክንፍ አይደለም፣ ካራ ነው" ትልና ሞረዷን ታነሳለች።

ሞርጂልኝ ያላት የለም። የጥፍር ታህል ቀዳዳ ሊያስደፍን የመጣ ሰው ክንፎቹ ዶልዱመው፣ በብርጭቆ ወረቀት ታሽተው፣ እንደ ማንኪያ ከንፈር ለስልሰው ይመለሱለታል። የተሰነጠቀውን ፓፓያ ደግሞ ባለ ሰሌዳው እዚያው ቁጭ ብሎ መብላት አለበት። "ማስረጃህን ብላ" ትለዋለች ሎሚ እየጨመቀችለት። ማካሃ በምትባለው የባሕር ዳር ሠፈራችን ውስጥ የሉዊካን ማስረጃ ያልበላ ወጣት ፈልጋችሁ አታገኙም።

ኬኩዋ የሚባል ውድድር የሚወድ ጎረምሳ አለ። አንድ ቀን ሰሌዳውን ሊወስድ መጥቶ ክንፎቹን ሲዳብስ እንባው ሊመጣ ደረሰ።

"አክስቴ፣ ምን አደረግሽኝ? ይሄ እኮ ለፍጥነት ተብሎ የተሳለ ነው! ማንኪያ አደረግሽው!"

"ማንኪያ ሰው ገድሎ አያውቅም።"

"ቅዳሜ ውድድር አለብኝ!"

"ተወዳደራ። ከተሸነፍክ ሉዊካ ናት ያሸነፈችኝ በላቸው።"

በውድድሩ ሁለተኛ ወጣ። ሁለት ሳምንት አኮረፋት። በሦስተኛው ሳምንት የአጎቱን ልጅ ሰሌዳ ተሸክሞ መጣ፣ ፓፓያ ጭምር ይዞ።

እኔ ፒላ እባላለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ አውቶቡስ ስነዳ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ቤቴ ከሉዊካ ቤት ፊት ለፊት ነው። እሷ መኪና የላትምና ለመኪና ማቆሚያ በተሠራው ጥላ ሥር ነው የምትሠራው፤ እዚያ ጥላ ሥር የኔ የሆነ ወንበር አለ። የምሄደው ላግዛት አይደለም፤ ልተቻት ነው። ሙጫው በዛ፣ ሬዲዮው ጮኸ፣ ፓፓያው ባከነ እላታለሁ። ሠላሳ ዓመት ስተቻት አንድ ቀን እንኳ ሂድልኝ አላለችኝም፤ ከዚህ የበለጠ ትዕግሥት አላየሁም።

ፊቷ ላይ ከከንፈሯ ጫፍ እስከ ጆሮዋ የሚሄድ ጠባሳ አለ። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ እያለች የገዛ ሰሌዳዋ ተመልሶ የመታት ነው። ክንፉ ጉንጯን ሲከፍተው ጥርሷ በጎን በኩል ይታይ ነበር፤ ሃያ ሰባት ስፌት ተሰፋች። የሠፈሩ ሴቶች መልኳ ተበላሸ ብለው አለቀሱላት። እሷ ግን ነርሷ አንድ ወር ውኃ እንዳይነካሽ ያለቻትን በአሥራ አንደኛው ቀን ረስታ ስፌቷን ይዛ ባሕር ገባች። ጀግና ማለት ጦር የወረወረ ብቻ አይደለም፤ እኔ ያን ቀን ዳር ቆሜ ያየሁት ጀግንነት ነው፣ ማንም ምንም ቢል።

እንግዶች እኔን ሲያገኙ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ "እዚህ ሻርክ አለ?" አለ እላቸዋለሁ። ግን በሰባ አንድ ዓመቴ ሻርክ ሲነክሰው ያየሁት ሰው ሁለት ነው። የገዛ ሰሌዳው ክንፍ የቆረጠውን ከሆነ ቆጥሬ አልጨርስም፤ ጭኑን፣ ቅንድቡን፣ ተረከዙን፣ የማይነገር ቦታውን። ሻርክ የሩቅ ጠላት ነው። ክንፍ የቤት ቀበኛ ነው፤ አዝለኸው ትሄዳለህ፣ ስትወድቅ ይጠብቅሃል። ይህን ከሉዊካ በላይ የገባው ሰው አልነበረም።

ብቻ ሞረዷ የማያልፈው አንድ ድንበር ነበረ። እኛ ጋ የአዛውንት ሰሌዳ አይነካም። ያዘዘህን ትጠግናለህ፣ አመስግነህ ትመልሳለህ። ሳይጠየቅ ክንፉን መሞረድ አባቱን ከመስደብ አይለይም። ይህን ሕግ ያወጣው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ጮክ ብሎ ሲያስከብር የኖረው ግን እኔ ነኝ። ዛሬ ይህን ስናገር ምላሴ ይከብደኛል።

ሎፓካ ስድሳ ስድስት ዓመቱ ነበር። ክረምት ላይ ባሕሩ ሲቆጣና ሌሎቻችን ዳር ቆመን እንግባ አንግባ ስንባባል እሱ ገብቶ፣ ጋልቦ፣ ወጥቶ ቁርሱን ይበላል። ግን ስሙን ያስጠራው ይህ አይደለም። ጥሩ ሞገድ ሲመጣ መብቱ የሱ ሆኖ ሳለ ዞር ብሎ "ሂጂ! ያንቺ ነው!" ብሎ አንዷን ፈሪ ልጅ ይልካታል፤ እሷ ጋልባ ስትሄድ ከሷ በላይ የሚጮኸው እሱ ነው። እየሰመጡ ያወጣቸውን ሰዎች ቁጥር ብትጠይቁት "እኔ ምን አውቃለሁ፣ አልፈረሙልኝም" ይላል። ሉዊካ ስፌቷን ይዛ ባሕር በገባችበት ቀንም ከጎኗ ሰሌዳው ላይ ተቀምጦ የዋለው ሎፓካ ነው። "ፊትሽን አታጨማድጂ፣ ስፌትሽ ይፈታል" እያለ ሲያስቃት ዋለ። ማሳቁ ይሁን ማሳመሙ አልለይ ብሏት እንደነበር ትነግረናለች።

ከገና ቀደም ብሎ ሎፓካ አፍንጫው፣ ማለት የፊት ጫፉ፣ የተበሳ ሰሌዳውን አመጣ። በድሮዎቹ ክንፎች ምትክ አዳዲስ አስገብቶበታል፤ ቀያይ፣ ስስ፣ የሚያብለጨልጩ። እሱ ሄደ። ሉዊካ እንደ ልማዷ ሰሌዳውን ገለበጠችና ፓፓያዋን አንሸራተተች። ፓፓያው እስከ ፍሬው ተከፈለ። ጥቁሩ ፍሬ ጠረጴዛው ላይ ተዘረገፈ።

ሞረዱን አነሳች። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

"አጎቴ ፒላ፣ ምን ይሻላል?"

"ምኑ?"

"ይሄ ነዋ።"

"የሎፓካ ነው እኮ።"

"የሱ መሆኑንማ አውቃለሁ።"

"ታዲያ? ባሕር ያስገባሽን ሰውዬ አሁን አንቺ ልታስተምሪው ነው? በይ በይ፣ አፍንጫውን ድፈኚና መልሺለት።" ሳቅኩ።

እሷም ትንሽ ሳቀችና ሞረዱን አስቀመጠች።

ሎፓካ በሦስተኛው ቀን መጣ። "አለቀ?" አላት። "አለቀ" አለች። ከዚያ በላይ አልተናገረችም። ቅርጫቱ ውስጥ ከነበሩት ፓፓያዎች የአንዱን ግማሽ ቆርጣ ሰጠችው፤ ቆሞ በላ፣ ጭማቂው ጢሙ ላይ እየወረደ።

"ይጣፍጣል። የማን ማስረጃ ነው?" አለ።

"የማንም" አለች።

ጥር ላይ ትልቁ ሞገድ መጥቶ ሄዶ ባሕሩ ረግቦ ነበር። ያን ቀን የነበረው የደረት ያህል እንኳ የማይሆን የልጆች መጫወቻ ነው። ግን የኛ ዳርቻ አሸዋው ዳገት ስለሆነ አሸዋውን የመታው ውኃ ተመልሶ ወደ ባሕር ይሮጣል፤ ከሚመጣው ሞገድ ጋር ሲጋጭ ሰውና ሰሌዳ ወደ ላይ ይወረውራል። እኛ እንደ ጨዋታ ነው የምናየው። ሎፓካም ለጨዋታ ገባበት፤ ተወረወረ፤ ሁላችንም ሳቅን። ወገቡ ድረስ በሚደርስ ውኃ ውስጥ እየሳቀ ቆመ። ከዚያ ወደ ታች አየ።

መጀመሪያ የሮጠችው ሉዊካ ናት። ሰሌዳውን ከቁርጭምጭሚቱ ጋር የሚያያይዘውን ገመድ ፈትታ ጭኑን ልታስርበት ሞከረች፤ ክንፉ የከፈተው ቁስል ግን ብሽሽቱ ላይ፣ ገመድ ከሚይዝበት በላይ ነበር። ሸሚዜን አውልቄ ተጫንኩት። ሁለታችንም ባለ በሌለ ኃይላችን ተጫንን። አምቡላንሱ ፈጥኖ ነው የመጣው፤ የማንም ጥፋት የለበትም። ደሙ ግን ከሁላችንም ፈጠነ። ሎፓካ ቀና ብሎ አያትና "ሉዊካ፣ ፊትሽን አታጨማድጂ፣ ስፌትሽ ይፈታል" አላት። ከዚያ ወዲያ አልተናገረም።

ሉዊካ ለአንድ ሳምንት ያህል ሰሌዳ አልነካችም። ሬዲዮው ጠፋ። እኔ ወንበሬ ላይ እቀመጣለሁ፣ እሷ ጠረጴዛዋ አጠገብ ትቀመጣለች፤ አንነጋገርም። ምን እያሰበች እንደሆነ አውቃለሁ፣ እኔም ምን እያሰብኩ እንደሆነ ታውቃለች።

በስምንተኛው ቀን የሎፓካ ሚስት ኡሉላኒና ልጃቸው ሌይሞሚ መጡ። ሌይሞሚ ሠላሳ ያለፋት፣ ቁመቷም አካሄዷም የአባቷ ነው። ሰሌዳውን ጠረጴዛው ላይ አጋደሙት።

"ቅዳሜ ነው የምንሸኘው" አለች ኡሉላኒ። "የገላውን አመድ ሌይሞሚ ትይዘዋለች፣ በአባቷ ሰሌዳ ላይ ሆና። ያን ቀን ሲጎትቱት ጎኑ ተሰንጥቋል። ትጠግኚልናለሽ?"

ሉዊካ ሰሌዳውን ገለበጠችው። እጇ ለምዶባት ነው። ቀያዮቹ ክንፎች እንዳሉ ቆመዋል፤ የፈታቸው ሰው የለም። እኔ እግሬን ማየት ጀመርኩ።

እዚህ ላይ ዝም ብትል ኖሮ ማን ያውቅባት ነበር? ያን ፓፓያ ያየነው እኔና እሷ ብቻ ነን። ኡሉላኒ ደግሞ ለሉዊካ እንደ እህት ናት፤ እሑድ እሑድ አንድ ገበታ ነው የሚበሉት። ያንን ገበታ በአንድ ዓረፍተ ነገር ልታጣው ነው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እኔ ያን ሳምንት ዝምታችን ሲነቅዝ ሸትቶኛል፤ ቢሆንም ፈሪ ነኝና እንድትተወው ፈለግኩ።

"ኡሉላኒ፣ ቁጭ በይ እስቲ" አለች ሉዊካ።

"ሉዊካ፣ ተይው" አልኩ ቀስ ብዬ።

"አጎቴ ፒላ፣ አሁን አንተ ዝም በል።" በሕይወቴ እንዲህ ብላኝ አታውቅም። "ኡሉላኒ፣ ይሄ ክንፍ ከገና በፊት እዚህ ነበረ። ፓፓያውን እስከ ፍሬው ነው የከፈተው። የሁሉን እሞርዳለሁ፣ ታውቂያለሽ። የሱን ተውኩት። አፈርኩት። ቃል ሳልናገር መለስኩለት።"

"እኔ ነኝ ተይ ያልኳት" አልኩ። "ሳቅኩባትም።"

ሌይሞሚ የእናቷን ትከሻ ያዘች።

"ብትሞርጂው ኖሮ ምን ይል ነበር?" አለች ኡሉላኒ።

"ይቆጣኝ ነበር።"

"በጣም?"

"በጣም።"

"አንድ ወር ያኮርፍ ነበር" አለች ሌይሞሚ።

"ሁለት" አለች እናቷ። "ያን የተቀዳደደ ኮፍያውን የጣልኩበት ጊዜ ሁለት ወር ነው ያኮረፈኝ። በሰው በኩል ነበር ጨው አቀብዪኝ የሚለኝ።" ፈገግ አለች፤ ፈገግታዋ ግን ወዲያው ተበላሸ። "ተቆጥቶ፣ አኩርፎ፣ አሁን ቤቴ ቁጭ ብሎ ነበር።"

ሉዊካ አቧራ በያዘ እጇ ፊቷን ሸፈነች። እኔ ኡሉላኒ "ያንቺ ጥፋት አይደለም" እስክትል ጠበቅኩ። ሐዘንተኛ እንዲህ ማለት አለበት ብዬ ነው እንጃ። አላለችም። የተነገራትን እውነት በውሸት አልመለሰችም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አከብራታለሁ። ተነስታ የሉዊካን እጆች ከፊቷ ላይ አወረደች።

"ስሚኝ። ከዛሬ ጀምሮ ማንንም አትፈሪ። አስቆጪያቸው። እነዚህን ሽማግሌዎችም" አለች፣ በአገጯ ወደኔ እየጠቆመች። "ያኩርፉ። አኩርፈው ሚስቶቻቸው ጋ ይግቡ። መጀመሪያ ግን ይሄንን ሞርጂው፤ ልጄ ናት የምትሄድበት። እኔ ሰሌዳውን እይዝልሻለሁ።"

እንደዚያው ሆነ። አንዷ ያዘች፣ አንዷ ሞረደች፤ ቀዩ ብናኝ የሁለቱም ክንድ ላይ አረፈ። እኔ ሰው ለመሆን ያህል ውኃ አቀበልኩ። ሲያልቅ ፓፓያውን ያነሳችው ኡሉላኒ ናት። አንዴ አንሸራተተችው፣ ደግማ ተጫን አድርጋ አንሸራተተችው። ቆዳው ላይ ጭረት እንኳ አልነበረም። ያን ፓፓያ አልቆረጠችውም፤ እንዳለ ይዛው ሄደች።

ቅዳሜ ጠዋት ከሁለት መቶ በላይ ሰሌዳ ባሕር ገባ። የአበባ ጉንጉናችንን አንገታችን ላይ አድርገን እየቀዘፍን ወጣንና ተያይዘን ክብ ሠራን። ሉዊካ ዳር ልትቀር አስባ ነበር፤ ኡሉላኒ ከተሳፈረችበት ታንኳ ላይ ሆና "ሉዊካ የለችም እንዴ? ካልመጣች አንጀምርም!" ብላ ስትጮኽ ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ፣ ምርጫም አልነበራት። ሌይሞሚ መካከል ላይ አመዱን በተነችው። ከዚያ አበቦቹን ከክራቸው እያላቀቅን ባሕሩ ላይ ጣልን። ክሩ አይጣልም፤ ኤሊ ይውጠዋል። ክሩን እጃችን ላይ አሥረን ነው የምንመለሰው። ውኃውን በመዳፋችን እየመታን ወደ ላይ ረጨነው፣ እንደ እብድ ጮኽን። ሎፓካ ሲጮኽ እንደነበረው ግን ማንም አልቻለበትም።

ሌይሞሚ የመጀመሪያውን ሞገድ ይዛ በአባቷ ሰሌዳ ላይ ቆማ ወደ ዳር ሄደች። ኡሉላኒ ቀድማት ወርዳ ያ ተመላሽ ውኃ የሚጋጭበት ቦታ ላይ፣ ቀሚሷን እንደለበሰች፣ ወገቧ ድረስ ገብታ ቆማ ነበር። የልጇ እግር አሸዋ እስኪረግጥ ከዚያ ንቅንቅ አላለችም።

ሰኞ ጠዋት ወደ ወንበሬ ስሄድ ወንበሬ ላይ ሰው ተቀምጦበታል። የሠፈሩ ሽማግሌዎች በሙሉ፣ እነዚያ ሰሌዳቸውን ዓይን እንኳ እንዳይነካው የሚፈልጉት፣ በአንድ ብብታቸው ሰሌዳ በሌላው እጃቸው ፓፓያ ይዘው ተሰልፈዋል። "ምን ሆናችሁ?" ብላቸው አንዱ "ሚስቴ ሂድ አለችኝ" አለ። ሌላው "የኔዋ ካልተሞረደ ቤት አትግባ ብላለች" አለ። ሬዲዮው ተከፍቷል። ሉዊካ እጅጌዋን ሰብስባ ትሞርዳለች፤ እነሱ ያጉረመርማሉ፣ እሷ አትሰማቸውም።

አንድ ጊዜ ቀና አለች። "ያንተስ የታል?"

"የኔ ደህና ነው። እኔ ደግሞ ድሮ እንደነበርኩት አልገባም፣ ዳር ዳሩን ነው…"

"አጎቴ ፒላ። አምጣው።"

አመጣሁት። ሰው ሁሉ እያየ ፓፓያው እስከ ፍሬው ተከፈለ። ማንም አልሳቀም። ሎሚ ጨምቃ ሰጠችኝ፣ ማስረጃዬን በላሁ።

በማግሥቱ ሞከርኩት። ሰሌዳዬን አበላሽታዋለች! ሲታጠፍ ተሳፋሪ እንደሞላ አውቶቡስ ነው፣ አውቶቡስ ደግሞ እኔ አውቃለሁ። በመጀመሪያው ሞገድ ጣለኝ፣ ክንፉ ጭኔን ገጨው፣ ሰንበር አወጣ። በጣም ተቆጣሁ። እንደተቆጣሁ ደግሜ ገባሁ፤ እንደተቆጣሁ ወጣሁ፤ እንደተቆጣሁ ቤቴ ገብቼ ምሳዬን በላሁ።